ደፋርና ጭስ በነገሌ ቦረና

«ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም» ይባላል። ተረቱ የተወለደው መስኮት በሌለው ጎጆ ውስጥ መሆኑ ያስታውቃል። ምድጃው መሐል ላይ ይነዳል፤ ጭሱ ግን በክዳኑ ሣር፣ በግድግዳው ስንጥቅ፣ በበሩ ቀዳዳ ሾልኮ ደጅ ይታያል። ደፋርንም የተዘጋ አያቆመውም ለማለት ነው። ዛሬ ይህ ተረት የሚመዘዘው ባብዛኛው ዓይን አፋሩን ለማደፋፈር ነው፤ ለሥራ ፈተና የተጠራውን ወጣት፣ ሠርግ ላይ ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን፣ ስብሰባ ላይ እጁን አንሥቶ መልሶ የሚያወርደውን። «ድፈር እንጂ!» ይሉታል። እንዴት እንደሚደፈር ግን ማንም አይነግረውም።

ተረቱ የደጋ ነው፤ እኔ ደግሞ ቆላ ወስጄ ልፈትነው አሰብኩ። ድፍረት ታሪክ የሠራባት ከተማ ትጠራ ከተባለ ነገሌ ቦረናን የሚቀድማት የለምና።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሰፈሩት የ4ኛ ብርጌድ ተራ ወታደሮች በመኮንኖቻቸው ላይ ዐመፁ። መንግሥት ይለወጥ አላሉም። ምግቡ የሚቀመስ አልነበረም፤ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከልክለው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያዩ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ ጄኔራሉን ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ የሚጠጡትንም አጠጧቸው።

እስቲ እነዚያን ወታደሮች አንድ በአንድ እናስባቸው። ብዙዎቹ ለብቻቸው ቢሆኑ ከሻምበላቸው ፊት ቀና ብለው የሚናገሩ አይመስለኝም። ያን ቀን ያናገራቸው ሁለት ነገር ነበር፤ የሚሉትን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር፣ ከጎናቸውም ያው ጥም የያዘው ጓድ ቆሞ ነበር። በራስ መተማመንን ከመስታወት ፊት ቆመን የምንለማመደው የፊት ገጽታ አድርገን ስናየው ይህን እንዘነጋለን። ምን ሊል እንደተነሣ ያላወቀ ሰው ደረቱን ቢነፋም ቃሉ ይከዳዋል። የውሃ ነገር የቸገረው ግን ስለ ውሃ ሲናገር አይንተባተብም። ጄኔራሉ በበኩላቸው ትከሻቸው ላይ ያለው ማዕረግ አላዳናቸውም። ከወንበር የተገኘ ሞገስ ወንበሩን የሚያከብር እስካለ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ዐመፁ መውጫ አላጣም። ወታደሮቹ አልተቀጡም፤ አቤቱታቸው እንደሚታይ ቃል ተገባላቸው። ወሬው ወደ ሌሎች የጦር ክፍሎች ተዛመተ፣ ሰኔ 21 ደርግ ተቋቋመ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። እዚህ ላይ ግን የተረቱ ጎዶሎ ይታያል። ደፋር መውጫ እንደማያጣ ይነግረናል እንጂ ወዴት እንደሚወጣ አይነግረንም። ከአንድ ጉድጓድ ውሃ የተነሣው ጥያቄ አገሩን ለ17 ዓመት በወታደር እጅ አስገባው። ወታደሮቹን ለመውቀስ አይደለም፤ የተጠማ ውሃ ይጠይቃል። ተረቱ ግን በሩን ብቻ አይቶ መንገዱን ትቶታል።

ሌላም ጎዶሎ አለው፤ ስለ መውጣት ሲያወራ ስለ መግባት ዝም ይላል። ሰው መሐል የሚከብደው ደግሞ መግባቱ ነው። ይህን የሚያውቅ ካለ የቦረና ሽማግሌ ነው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ግጦሹ ሁሉ ይጠየቃል። ለችኩል ከተሜ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ለዓይን አፋር ግን ከዚህ የተሻለ በር የለም። ምን ልበል ብሎ አይጨነቅም፤ የሚጠየቀው የታወቀ ነው፣ የሚመለሰውም እንዲሁ። ሰላምታው ሲያልቅ ድምፁ ሟሙቋል፣ ሰውየውም እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ቡናው፣ ማለትም በቅቤ የሚጠበሰው ቡና ቀላ፣ ሲቀርብማ ጨዋታው ራሱ ይመጣል።

ትልቁ መድረክ ጉሚ ጋዮ ነው። በ8 ዓመት አንድ ጊዜ ቦረና ተሰብስቦ ሕጉን የሚመረምርበት ጉባኤ ነው። ጣሊያናዊው አንትሮፖሎጂስት ማርኮ ባሲ በዛፍ ጥላ ሥር ስለሚወሰኑ የቦረና ውሳኔዎች አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ስብሰባ በምርቃት ይከፈታል፤ ነገሩ እስኪስማሙ ድረስ ይመከርበታል። እንዲህ ባለ ቦታ ጮሆ የገባ ሰው አይከብርም። የሚከብረው ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ከእሱ በፊት የተባለውን ይዞ የሚናገረው ነው። የኦሮሞ ባህላዊ አስተዳደር በሆነው በገዳ ሥርዓት የሚመረጡት መሪዎችም ሥልጣን ከመያዛቸው ከዓመታት በፊት ስለሚመረጡ ሰው እስከዚያ አይቶ ይመዝናቸዋል። ዩኔስኮ ሥርዓቱን በ2009 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። የገዳ ሥልጣን የወንዶች መሆኑ ግን አይካድም፤ ስለዚህ ሁሉን የሚያናግር መድረክ ነው ብዬ አላሞግሰውም።

ስለ ጭስም ቢሆን ቆላው የራሱ ዕውቀት አለው። የቦረና ሴቶች የወተት ዕቃቸውን በፍም ያጥናሉ፤ ጭሱ ዕቃው ውስጥ ታፍኖ ይቆይና ወተቱን ከመበላሸት ይጠብቃል፣ ጣዕምም ይሰጠዋል። ደገኛውም እኮ የእርጎ ዕቃውን በወይራ ያጥናል፤ ተረቱን ሲተርት ረሳው እንጂ። ቶሎ ያልወጣ ጭስም ሥራ አለው። ስብሰባ ላይ አንድ ሰዓት ዝም ብሎ አዳምጦ በመጨረሻ ሦስት ዓረፍተ ነገር የሚናገረውን ሰው ፈሪ የምንለው በችኮላ ነው።

በሌላ በኩል ዓይን አፋርነትን ራሳችን ዘርተን ራሳችን እንነቅፋለን። ልጁ ጥያቄ ሲያበዛ «አርፈህ ተቀመጥ»፣ አስተያየት ሲሰጥ «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንለዋለን፤ ትልቅ ሰው ዓይን ዓይኑን ካየ ባለጌ ነው። ይኸው ልጅ ተመርቆ ያቤሎ ወይም ሞያሌ ሲመደብ፣ ቋንቋው ኦሮምኛና ሶማልኛ በሆነ ገበያ መሐል ሲቆም፣ ድፍረት ከየት ያምጣ? ለእሱ ያለኝ ምክር ትንሽ ነው። መጀመሪያ የአገሩን ሰላምታ ሙሉውን ተማር፤ ከጎረቤት፣ ከሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ከባጃጅ ሾፌሩ ጋር በየቀኑ ተለዋወጠው። ስብሰባ ስትገባ አንድ የምትለውን ነገር ይዘህ ግባ፤ አንድ ብቻ። ከአንተ በፊት የተናገረውን ሰው ሐሳብ ጠቅሰህ ጀምር፤ ያኔ የሚያዳምጥህ አንድ ሰው አስቀድመህ አገኘህ ማለት ነው።

ስብሰባ የምትመሩ ደግሞ አደራ፤ ዕድሉን ሁልጊዜ ፊት ለተቀመጠውና ድምፁ ለጎላው አትስጡ። ከኋላ ወንበር ጀምሩ። ሴቶቹንና ወጣቶቹን በስማቸው ጠርታችሁ ጠይቁ፤ ሲናገሩም አታቋርጧቸው።