ገብቶ ቢፈተፍትስ?

ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ አንድ ቡና ቤት አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓዳው ውስጥ ተሰብስበን ግጥም የምንነባበብ አሥራ አንድ ሰዎች ነን። በግጥም እንጀራ የሚበላ ከመካከላችን የለም። ነርስ አለች፣ የሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ የቤት ኤሌክትሪክ የሚዘረጋ አለ። በዕድሜ የሚበልጡን በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የነበሩ፣ ኋላም አማርኛ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አባት ናቸው። የኔታ እንላቸዋለን፤ ግማሹ በቀልድ፣ ግማሹ ከምር።

አንድ ቅዳሜ ነርሷ ስለ ሌሊት ፈረቃዋ የጻፈችውን ግጥም አነበበች። እንደተለመደው ዙሪያውን «ቆንጆ ነው»፣ «በርቺ»፣ «ደስ ይላል» ተባለ። ተራው የኔታ ጋ ሲደርስ ማኪያቷቸውን አስቀመጡና «ይኼ ግጥም አይደለም ልጄ፤ የተረኛ ሪፖርት ነው። ቤት ስለ መታ ብቻ ግጥም አይሆንም» አሉ። ሁላችንም ዝም። የሒሳብ ሠራተኛው «ኧረ የኔታ፣ ትንሽ ለዘብ ቢያደርጉት ምናለበት?» አላቸው። የመለሱለት በተረት ነበር፦

«ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል።»

ተሳቀ። ነርሷም ሳቀች፤ እንዲያውም እስክሪብቶ አውጥታ ወረቀቷ ላይ ሁለት ቦታ ሰረዝ አደረገች። ያልሳቀው የኤሌክትሪክ ባለሙያው ነው። ሻዩን እንደያዘ ጥቂት ቆየ፣ ብርጭቆውን ድምፅ ሳያሰማ አስቀመጠ፣ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ብድግ ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። በኋላ የታክሲ ሰልፍ ላይ አገኘሁትና «ምነው?» አልኩት።

«እናቴ ዘነበወርቅ ታክማ ነው የዳነችው» አለኝ። ሰልፉ ሁለት እርምጃ ተንቀሳቀሰ። «ፈትፍታ ያጎረሰችኝም በዚያው እጇ ነው።»

ታክሲው ሞልቶ ሄደ።

ይህን ተረት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! ብዬውም አውቃለሁ፤ ያውም ደረቴን ነፍቼ። አፉ እንዳመጣለት ለሚናገር ሰው እንደ ሜዳልያ ነው፤ ደረቱ ላይ ይለጥፈዋል። «እኔ ፊት ለፊት ነው የምናገረው» ይልና ተረቱን ያስከትላል። ደግሞ ተረት ምቹ ነገር ነው፤ ከባዱን ቃል አንተ ተናግረህ ዕዳውን ለአባቶች ታስተላልፋለህ። «እኔ መች አልኩ? ተረቱ ነው ያለው!»

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሣሁ ማየት ያዝኩ። «ቆማጣ» ማለት ጣቱ የቆመጠ፣ ዱሽ የሆነ ማለት ነው። ተረቱ ሰውየውን በስሙ አይጠራውም፣ በበሽታውም አይጠራውም፤ በጎደለው ጣት ነው የሚጠራው። «ይፈተፍታል» የሚለው ደግሞ ከአማርኛ ግሶች ሁሉ ለእናት እጅ የሚቀርብ ነው። እንጀራውን ቆርሶ ከወጡ ጋር በጣት ማዋሐድ፣ ከዚያ ማጉረስ። ይኸው ግስ ያልጠሩት ሰው ላይ ሲውል ስድብ ይሆናል፤ «በሰው ነገር ገብቶ የሚፈተፍት» እንላለን። ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን መካከል ላይ ያለችው «ካላሉት» ናት። እነማን? ባለቤቱ አልተጠቀሰም፤ መጥቀስም አላስፈለገም፤ መሶቡን ከበው የተቀመጡት ናቸው። በር ላይ አንድ ሰው ቆሟል። የተቀመጡት እንዳይገባ ፈርተዋል። ስለዚህ ስም አወጡለት።

እዚህ ላይ ነው የኔታም እኔም ለዓመታት የሳትነው። ይህ ተረት እውነትን ስለ መናገር አይደለም። በር ላይ የቆመው ሰው ስለ እጁ የሚነገረው አዲስ ነገር የለም፤ እሱ ነው እጁን ይዞ የሚያድረው። ስሙ የሚጠራው እንዲያውቅ ተብሎ ሳይሆን እንዳይገባ ነው። ቃሉ መቀርቀሪያ ነው።

የፈሩትስ ነገር? እሱም ውሸት ሆኖ ከተገኘ ቆይቷል። ኖርዌያዊው ሐኪም ሐንሰን የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ከመቶ ሰው 95 ያህሉን ተፈጥሮ ራሷ ትጠብቀዋለች። በሽታው በመጨባበጥ ወይም ከአንድ ገበታ በመብላት አይተላለፍም፤ ለመያዝ ሕክምና ካልጀመረ ሰው ጋር ለወራት ተጠጋግቶ መኖርን ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በሚመክረው የመድኃኒት ቅንብር በ6 ወይም በ12 ወር ይድናል። ይህ ሁሉ ለእኛ ከባሕር ማዶ የሚሰማ ወሬ አይደለም። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም በሚጠራው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌ ማዕከሉ አለርት ተቋቁሟል፤ በ1970 ደግሞ የሐንሰንን ስም የያዘው የምርምር ተቋም እዚያው ግቢ ተከፍቷል። ከእኛ ቡና ቤት በሁለት ታክሲ የሚደረስበት ቦታ ነው፤ ተረታችን ግን እስካሁን አልደረሰበትም።

ጣትም በበሽታው ተበልቶ አይወድቅም። ባክቴሪያው ነርቭ ይጎዳል፣ እጅ ይደነዝዛል። የደነዘዘ እጅ የጋለ ድስት ይዞ አይለቅም፤ ሲቃጠል አያውቅም፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝም አይሰማውም። ጣቱን የሚወስደው ሕመም ሳይሆን ሕመም ማጣት ነው። ይህን ሳውቅ ወዲያው የመጣልኝ የእኛው ክበብ ነበር፤ የማይሰማው፣ ሁሉም «ቆንጆ ነው» ያለው ግጥም፣ ስንት ዓመት ሙሉ እየቆሰለ እንደሚሄድ። (ይኸው እኔም ከተረተኛው አልተሻልኩም። የሰው ሕመም ለምሳሌ እንዲመቸኝ አገላብጬ ተጠቀምኩበት። ምሳሌ መውደድ ክፉ አመል ነው።)

ወደ ቅዳሜያችን ልመለስ። በሚቀጥለው ሳምንት የኤሌክትሪክ ባለሙያው ቀረ። የነገረኝን ለሌላው አላወራሁም፤ ለየኔታ ብቻ፣ ለብቻቸው ነገርኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። ምንም አላሉኝም። የሒሳብ ሠራተኛው ግን የሰውየውን አወጣጥ አይቶ አንድ ነገር እንዳለ ስለ ገባው ደንብ ይዞ መጣ፦ ሰውን የሚያስቀይም ቃል በግጥምም ሆነ በአስተያየት አይገባም፤ አስተያየት ሁሉ «ገንቢ» ይሁን። አጨበጨብን።

ከዚያ የሆነው ያስቃል። አንዱ ወጣት «ዕውር ፍቅር» የምትል ሐረግ ነበረችው። «ዓይነ ስውር ፍቅር» በል ተባለ። አለ። በዚያች ስንኝ ላይ ሁለት ቀለም ስለተጨመረ ስድስት ለስድስት የነበረው የወል ቤት ስምንት ለስድስት ሆኖ አረፈው። ማንም ደግሞ ምጣኔው ፈረሰ ሊለው አልደፈረም፤ «ገንቢ» አይደለማ!

በነገራችን ላይ በቃል መቀየር ከሚያሾፉት ወገን አይደለሁም። በአደባባይ «ቆማጣ» መባሉ ቀርቶ «የሥጋ ደዌ ታማሚ» መባሉ ትልቅ ነገር ነው። ስድብን ስም አድርጎ የሚኖር ሰው ስድቡ ሲነሣለት ምን እንደሚቀለው መገመት አያቅትም። ግን «ገረድ» ማለትን ትታ «ሠራተኛዬ» እያለች ብርጭቆዋን ለብቻ የምታስቀምጥላት የቤት እመቤት አውቃለሁ። ቃሉ ተለውጧል፣ መሶቡ አልተነቃነቀም። የእኛም ደንብ እንደዚያ መሆኑ የገባኝ በነርሷ በኩል ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ነርሷ ያንኑ የፈረቃ ግጥም አሻሽላ አመጣች። ሪፖርት የሚመስለውን ቆርጣ ጥላ፣ ጠዋት ላይ የእጅ ጓንት ሲወልቅ የሚያሰማውን ድምፅ ብቻ ይዛ ቀርታለች። በእኔ ጆሮ ግጥም ሆኗል። የኔታ አዳመጡ። «ቆንጆ ነው» አሉ። ሌላ ቃል የለም። ስንወጣ ደረጃው ላይ ያዘችኝ።

«ምን አጠፋሁ?» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ከእኔ ጋር ተጣልተዋል እንዴ? ቆንጆ ነው አሉኝ እኮ!»

«የተረኛ ሪፖርት ነው» ስትባል የሳቀች ሴት «ቆንጆ ነው» ስትባል አለቀሰች። በመጀመሪያው ቅዳሜ የኔታ ሁለት ነገር ወርውረው ነበር። አንደኛው ስለ ግጥሟ ነው፤ እሷን አገኛት፣ ወስዳም ሠራችበት። ሁለተኛው ተረቱ ነው፤ ለእሷ የተባለ ቢሆንም ያገኘው አጠገቧ ሻይ የሚጠጣውን ሰው ነው። እኛ ደንብ አውጥተን የከለከልነው ግን ሁለቱንም ነበር። ለእሷ «ይኼ ግጥም አይደለም» ማለት «ነይ ተቀመጪ፣ ይኼን ደግመሽ ሥሪው» ማለት ነበር። «ቆንጆ ነው» ደግሞ ለበር ላይ እንግዳ የሚባል ነገር ነው፤ ፈገግ ተብሎ ይሸኛል።

እርግጥ ሁሉም ሰው ነርሷ አይደለም። አንዱ ኃይለ ቃል ሰምቶ ብዕሩን የሚያነሣ፣ አንዱ ለዘላለም የሚያስቀምጥ አለ። «ያልጠነከረ ይቅር» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ሲነኩ የሚሆኑትን አይቻለሁ፤ ወንበር ነው የሚገፉት። «ሂስ» የሚለውም ቃል ራሱ በእኛ አገር ንጹሕ ታሪክ የለውም። በደርግ ዘመን በውይይት ክበብ «ሂስና ግለ ሂስ» ሲባል የነበረበት ሰው ቃሉን ዛሬም ሲሰማ ትከሻው ሰብሰብ ይላል። እዚያ ሂስ የተደረገ ሰው ወደ ቤቱ የሚሄደው የጻፈውን ለማረም አልነበረም።

የኔታን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ ስለ ተረቱ ሳይሆን ስለ ቅኔ ቤት። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። በሁለት ቤት ውስጥ የሚደበቁበት ጥግ የለም። ቀኑን ሙሉ ሲቆጥሩ ውለው ለመምህራቸው ሲነግሩ መምህሩ ገና የመጀመሪያውን ቤት ሰምተው እጃቸውን እንደሚያወናጭፉ ነገሩኝ። «‹ሂድ፣ ፍየል ይሻላል ካንተ› ይሉኝ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ከፍየል በታች ሆኜ ከርሜያለሁ» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወሬውን ወደ ምግብ ወሰዱት። ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ያመጣው ቁራሽ፣ የባቄላውም የጤፉም የማሽላውም፣ ማታ አንድ ላይ ይቀርባል።

«ቅኔዬ የተበላሸ ዕለት ከቁራሹ የከለከለኝ የለም» አሉ። ዝም አሉና ቆይተው፣ «ያን ልጅ ስልክ ልደውልለት ወይስ ቤቱ ልሂድ?» ብለው ጠየቁኝ።

የትኛውን እንዳደረጉ አልነገሩንም። በአራተኛው ቅዳሜ የኤሌክትሪክ ባለሙያው በሩን ሲከፍት የኔታ ከወንበራቸው ተነሡ። የ74 ዓመት ሰው ለ40 ዓመት ሰው።

«ኖር!»

«ኧረ በእግዜር! ኧረ የኔታ፣ በማርያም ይቀመጡ!»

አልተቀመጡም፤ እሱ እስኪቀመጥ ቆዩ። ከዚያ በቀር ስለዚያ ቀን የተነገረ ነገር የለም። ተረቱንም ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው አልሰማሁትም።

ግጥም ይዞ መጥቶ ነበርና አነበበ። ስለ ሰኔ ነው፣ ስለሚጠበቅ ሰውም ነው። አንብቦ ሲጨርስ «ቆንጆ ነው» ለማለት ሦስት አራት ሰው አፉን ከፈተ። የኔታ ቀደሙ።

«ሁለተኛው ስንኝህ ያነክ...» አሉና ዋጡት። የሒሳብ ሠራተኛውን በጎን አዩት። «ምን ልበል ታዲያ? እግሩን ያመዋል ልበል?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያቺን ስንኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደገማት፦ ዝናብ ሳይመጣ፣ በሬን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ግራ እጁን ከፍቶ የመጀመሪያውን ሐረግ በጣቶቹ ቆጠረ። ዝ፣ ናብ፣ ሳይ፣ መ፣ ጣ። ትንሿ ጣት ላይ አለቀበት።

«ያነክሳል» አለ ራሱ። «አምስት ነው።»

«ዝናቡ በለው» አለች ነርሷ።

እንደገና ከአውራ ጣቱ ጀመረ። ዝ፣ ና፣ ቡ፣ ሳይ፣ መ። ለስድስተኛዋ ሌላውን እጁን አነሣ።