የሰዓቱ ዋስ ማን ነው?

ቃል አሳምሮ የሌላውን ሰው ዕቃ የሚያስሸጥ፥ ስለ ዕቃው በጻፈው ነገር ተጠያቂ ነውን? ወይስ ኀላፊነቱ የሻጩ ብቻ ነው? ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ በዓለም ከተማ ተወልዶ ያደገ አንድ ወጣት ዘመዴ ነው። ወጣቱ በአዲስ አበባ ለአንድ የብርቅ ሰዓቶች ነጋዴ በቲክቶክና በቴሌግራም የሚወጣ ጽሑፍና ፎቶግራፍ እያሰናዳ ይተዳደራል። ለፋሲካ በዓል ወደ ዓለም ከተማ በመጣ ጊዜ፥ አማርኛውን እንዳርምለት አንድ ወረቀት ሰጠኝ። ስለ አንድ አሮጌ የስዊስ ሰዓት ሲናገር፥ «ከአንድ ታላቅ መኰንን ቤት የወጣ ሳይሆን አይቀርም» ይላል።

«ይህን ማን ነገረህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ማንም አልነገረኝም፤ አልወጣም ያለም የለም» አለኝ።

አማርኛው እንከን አልነበረውም።

ሰዓት የሚፈለገው ጊዜን ለመቍጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ የእጅ ስልክ ይበቃን ነበር። የብርቅ ሰዓት ዋጋ ግን ከማሽኑ ይልቅ በታሪኩ ነው። አሜሪካዊው የፊልም ተዋናይ ፖል ኒውማን ያደርገው የነበረ ሮሌክስ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከ17 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። በዚያው ሰሞን ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት በጄኔቭ ለጨረታ አሰናድቶ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1947 ዓ.ም. ስዊስን በጐበኙ ጊዜ የተበረከተላቸው እንደ ሆነ ተነገረ። ሰዓቱ የጨረቃን መልክ ያሳያል፤ የፈረንጆች ፌብሩዋሪ 28 ወይም 29 ቀን መሆኑንም ራሱ ይለያል፤ (ጳጕሜን ግን አያውቅም)። ይሁን እንጂ የባለቤትነት ክርክር ስለ ተነሣ ከጨረታው ወጣ። ያስወደደው ታሪኩ ነበርና፥ ታሪኩ በተጠየቀ ጊዜ ሽያጩም ቆመ።

ፎቶግራፉም እንደ ቃሉ ነው። በማስታወቂያ ላይ የሚታዩ ሰዓቶች አብዛኛውን ጊዜ ጠቋሚዎቻቸው በ10 እና በ2 ቍጥር ላይ ተደርገው ነው የሚነሡት፤ የሠሪው ስም በመካከል እንዲታይ ነው። እንዲህ የተነሣ ሰዓት ይሂድ ወይም ቆሞ ይሁን፥ ከሥዕሉ ማን ሊለይ ይችላል? ፊቱ በኋላ ዘመን እንደ ገና የተቀባ መሆኑንም በስልክ የሚያይ ገዢ አይለየውም፤ በዚህ ንግድ ደግሞ እንደ ገና የተቀባ ፊት የሰዓቱን ዋጋ እጅግ ያወርዳል። እንዲህ ባለው ማስታወቂያ ውስጥ አንድም የሐሰት ቃል ላይገኝ ይችላል።

በአገራችን ገበያ፥ ከማያውቀው ሰው በሬ የሚገዛ ገበሬ ዋስ ይጠይቃል። ሻጩ ነገ ቢሰወር ዋሱ አለ። በስልክ ለሚሸጥ ሰዓት ግን ዋሱ ማን ነው? ገዢው ሻጩን አላየ፤ ሰዓቱን በእጁ አልነካ፤ ያመነው ጽሑፉን ነው። እንግዲያስ ዋሱ ጽሑፉ ሆነ ማለት ነው፤ የጻፈውም ሰው፥ ስሙ ባይታወቅም፥ በዋስትናው ውስጥ ገብቷል ብዬ አምናለሁ። የማስታወቂያ አዋጅ ቍጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ ነገር ግን «ሳይሆን አይቀርም» የምትለው ቃል በሕግ በቀላሉ የምትያዝ አይደለችም።

«እኔ ጸሓፊ ብቻ ነኝ» አለኝ ወጣቱ። ይህን ስሰማ አፈርሁ። እኔም ሄጄ ያላየሁትን ሥራ «በመልካም ሁኔታ በመከናወን ላይ ይገኛል» ብዬ አርቅቄ፥ ፈራሚው አለቃዬ ነው በማለት የተጽናናሁበት ቀን አለ። ስለዚህ ልገሥጸው አልደፈርሁም። አብረን ተቀምጠን ያችን ዐረፍተ ነገር ሰረዝንና በምትኳ፥ «የቀድሞ ባለቤቱ አይታወቅም፤ ፊቱ እንደ ገና የተቀባ ነው፤ ማሽኑ በደኅና ይሠራል» ብለን ጻፍን።

ከሳምንት በኋላ ደወለልኝ። ነጋዴው አንብቦ፥ «ይህ ማስታወቂያ ሳይሆን ንስሓ ነው» ብሎ ስቋል፤ የፊቱን ነገር እንዲያወጣ፥ ያለዚያ ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ነግሮታል። ወጣቱ ከሚያገኘው እየቀነሰ ለታናሽ እኅቱ የትምህርት ወጪ ወደ ዓለም ከተማ ይልካል። «ምን ላድርግ ጋሼ?» አለኝ። እኔ የወር ደመወዜ የማይቀርብኝ ሰው ነኝና፥ «ሥራውን ተወው» ማለት ለእኔ ምንም አያስከፍለኝም ነበር፤ ስለዚህም ቶሎ ልናገረው አልቻልሁም። አውጣው ለማለትም አንደበቴ እንቢ አለኝ።