የሕመምተኛ ስምና ምሥጢር አደራ ነው



የታመመውን መጠየቅ ከምሕረት ሥራዎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ተምረናል። ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1992 የዓለም የሕሙማን ቀንን ካቋቋሙ ወዲህም፥ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 11 ቀን፥ በሉርድ እመቤታችን በዓል፥ ስለ ሕሙማን በአንድነት እንጸልያለን። ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ግን ሕመምተኛን ስለ መጠየቅ ሳይሆን፥ ጠይቀን ከተመለስን በኋላ ስለምንናገረው ነገር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምእመናኖቻችን መካከል አንዲት እናት ወደ አንድ ሆስፒታል ሄደው የደም ምርመራ አደረጉ። በዚያው ዕለት በራሷም በአባቷም ስም ከእርሳቸው ጋር አንድ የሆነች አንዲት ወጣት ሴት ተመርምራ ነበር። በካርድ ክፍል የሁለቱ ካርድ ተለዋወጠ፤ ውጤቱም አብሮ ተለዋወጠ። ዕድሜያቸውን ያስተያየ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ስሕተቱ እዚያው በታወቀ ነበር። ይባስ ብሎም የእናታችን ስም በመስኮት ተጠርቶ፥ የእርሳቸው ያልሆነው የበሽታ ስም ወረፋ በሚጠብቀው ሕዝብ ፊት ተነገራቸው።

ሆስፒታሉ በአራተኛው ቀን ስሕተቱን ደርሶበት ይቅርታ ጠየቀ፤ የታረመውንም ወረቀት ሰጣቸው። ነገር ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፥ ወሬው ከወረቀቱ ቀድሞ መንደር ገብቶ ነበር። አብረው ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች ስኒ መለየት ጀመሩ። እናታችን በቅዳሴ ጊዜ ከኋላ እየተቀመጡ፥ ሕዝቡ ሳይሰናበት ይወጡ ጀመር። ወሬውን ያመጣው ማን ነበር? እንድናፍር የሚያደርገን ይህ ነው፤ ሕመምተኛ ሊጠይቅ ወደዚያው ሆስፒታል የሄደ የቁምስናችን ሰው ነበር። የተናገረውም በክፋት አልነበረም፤ «ጸልዩላቸው» ብሎ ነበር።

እውነቱ ሲታወቅ ከመካከላችን ጥቂቶች ወደ ቤታቸው ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ይቅር አሉን፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «ሕመሙ በእርግጥ የእኔ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ ልትጠይቁኝ ትመጡ ነበር?» አሉን። መልስ አልነበረንም። እኛ የተጸጸትነው ወሬው ሐሰት ስለ ሆነ ነበር፤ እርሳቸው ግን እውነት ቢሆንም ኖሮ ልንናገረው እንደማይገባን አሳዩን።

ይህን ትምህርት ከመጀመሪያው የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል እናገኘዋለን። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ኖኅ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን በተኛ ጊዜ፥ ካም አየና ወደ ውጭ ወጥቶ ለወንድሞቹ ነገራቸው። የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ሴምና ያፌት ግን ልብስ በጫንቃቸው ላይ አድርገው፥ እንዳያዩ ፊታቸውን መልሰው፥ ወደ ኋላ እየሄዱ አባታቸውን ሸፈኑ። የሕመምተኛ አልጋም እንደዚያ ድንኳን ነው። ሰው በታመመ ጊዜ ገላው በሌሎች እጅ ይገለጣል፤ የተሰወረው ገመናው ሁሉ በወረቀት ላይ ይጻፋል። ወደዚያ የምንገባ ሁሉ፥ ሐኪሙም፥ ነርሷም፥ የካርድ ክፍል ሠራተኛውም፥ ጠያቂውም፥ ወይ እንደ ካም ወይ እንደ ሴምና ያፌት ሆነን እንወጣለን።

ጌታችንም ሕሙማንን የፈወሰበትን መንገድ እናስተውል። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 7 ደንቆሮና ኮልታፋ የነበረውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው። በምዕራፍ 5 የኢያኢሮስን ልጅ ሲያስነሣ የሚጮኸውን ሕዝብ ሁሉ አስወጥቶ፥ አባትና እናቷን ከሦስቱ ሐዋርያት ጋር ብቻ አስገባ፤ ነገሩንም ማንም እንዳያውቅ አዘዘ። በዚያው ምዕራፍ ደም ይፈስባት የነበረችው ሴት ሕመሟን በሕዝብ ፊት ተናግራለች፤ ነገር ግን የተናገረችው እርሷው ራሷ ናት እንጂ፥ ከሐዋርያት አንዱ ስለ እርሷ አልተናገረም። ምሥጢሩ የባለቤቱ ነው፤ ሊገልጠው የሚችልም ባለቤቱ ነው።

ቤተ ክርስቲያንም በዚህ ላይ ግልጽ ትምህርት አላት። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ስለ ስምንተኛው ትእዛዝ ሲያስተምር፥ በቁጥር 2491 ሐኪሞችን የመሳሰሉ ባለሙያዎች በሥራቸው ያወቁትን ምሥጢር እንዲጠብቁ ያዝዛል። ከዚህ ውጭ የሚሆነው፥ ምሥጢሩን መጠበቅ እጅግ ከባድ ጉዳት ሲያስከትልና ጉዳቱን በሌላ መንገድ ማስወገድ ሳይቻል ሲቀር ነው፤ ያንንም የሚመዝነው ኃላፊነቱን የያዘው ባለሙያ እንጂ መንደሩ አይደለም። የሀገራችን ሕግም ከዚህ አይርቅም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን የግል ሕይወት ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃን ለመጠበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃ ልዩ ጥንቃቄ እንዲደረግለት ይጠይቃል።

በጽሕፈት ቤት ለምትሠሩ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ አንድ ቃል አለን። ሥራችሁ ወረቀት ማመላለስ ብቻ አይምሰላችሁ። የሕሙማንና የሆስፒታሎች ጠባቂ የሆነው ቅዱስ ካሚሎ ዴ ሌሊስ በሮም ወደሚገኘው የቅዱስ ያዕቆብ ሆስፒታል መጀመሪያ የገባው በእግሩ ቍስል ታሞ ነበር፤ በኋላ በዚያው አገልጋይ፥ ቀጥሎም አስተዳዳሪ ሆነ። መዝገብ የሚይዝ እጅና ቍስል የሚያጥብ እጅ በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ። በእኛ ሀገር ደግሞ ስም ብቻውን ሰውን አይለይም። ብዙዎች በራስም በአባትም ስም ይመሳሰላሉ፤ ፀሐይ የሚለው ስም በአንዱ ካርድ በጸሎቱ «ጸ»፥ በሌላው በፀሐዩ «ፀ» ይጻፋል፤ አንዳንዱም ሰው አንድ ጊዜ በክርስትና ስሙ፥ ሌላ ጊዜ በመጠሪያ ስሙ ይመዘገባል። ስለዚህ የአያትን ስም፥ ዕድሜንና የካርድ ቁጥርን ማመሳከር ትንሽ ነገር አይደለም። መልካሙ እረኛ በጎቹን በየስማቸው ይጠራልና፥ የሰውን ስም በትክክል መጻፍ ከእርሱ ሥራ መካፈል ነው።

ስሕተት ሲያጋጥመንስ ምን እናድርግ? ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያስተማረውን ቅደም ተከተል እንከተል። በመጀመሪያ ከሚመለከተው ሠራተኛ ጋር ለብቻችን፥ በትሕትና እንነጋገር፤ በመስኮት ፊት መጮኽ የራሳችንን ምሥጢር ለሕዝብ ይገልጣል። ካልሰማን ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዎች ጋር ሆነን ወደ ኃላፊው እንቅረብ። ይህም ካልሆነ አቤቱታችንን ቀኑን ጠቅሰን፥ ቅጂውን አስቀርተን፥ በጽሑፍ ለሆስፒታሉ አስተዳደር፥ ቀጥሎም ለጤና ቢሮ እናቅርብ። መብትን መጠየቅ ከፍቅር ጋር አይጣላም፤ ዛሬ የታረመ ስሕተት ነገ የሚመጣውን ሌላ ድኻ ያድናል። የተሳሳተውም ባለሙያ ቶሎ ተናዞ ቢያርም እንጂ ቢሸሽግ አይጠቀምም።

ለካቴኪስቶችና ለሕሙማን ጠያቂዎች ደግሞ እንዲህ እንላለን። በምእመናን ጸሎት ላይ የታመመን ሰው ስም ከመጥራታችን በፊት ፈቃዱን እንጠይቅ፤ የበሽታውን ስም ግን አናንሣ፤ እግዚአብሔር ያውቀዋልና። በአልጋ ራስጌ የተሰቀለውን ወረቀት አናንብብ። ሕመምተኛን በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተን ለሌላ አንላክ። «ምን አገኙበት?» ብለን አንጠይቅ፤ «ምን እናግዝህ?» እንበል። ካህን በኑዛዜ የሰማውን እንዴት እንደሚጠብቅ ለሕፃናት ስናስተምር፥ ጎረቤትም በሕመም አልጋ አጠገብ ያየውን በአቅሙ እንዲጠብቅ አብረን እናስተምር።

እኚያ እናት ዛሬ እንደ ቀድሞው በመካከላችን ተቀምጠው ያስቀድሳሉ። ስለዚያች ወጣት ሴት ግን እናስብ። አራት ቀን በሐሰተኛ ተስፋ ተቀምጣ፥ በኋላ እውነቱን ሰምታለች። ስሟም ሕመሟም አንድ ላይ ሆነው በዚያ መስኮት ተነግረዋል፤ ልንጠይቃት የሄድን፥ ይቅርታም የጠየቅናት የለንም። በእርሷ ላይ የተነገረው እውነት ነበርና ዕዳ ያለብን አልመሰለንም። ምናልባት እርሷም በአንዱ ቁምስና፥ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይሆናል። ሴምና ያፌት የያዙትን ልብስ ይዘን ወደ እርሷና እንደ እርሷ ወዳሉት ሁሉ እንሂድ።

የሕሙማን ፈውስ የሆነች እመቤታችን ድንግል ማርያም በአማላጅነቷ አንደበታችንን ትጠብቅልን። አሜን።