አራተኛው ትእዛዝ በሰው አገር

ሰው አገሩን ለቆ በሌላ ሕዝብ መካከል ለመኖር ሲነሣ ብዙ ነገር አስቦ ይነሣል። ስለ ሥራው፣ ስለ ቤት ኪራዩ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት ይጨነቃል። ስለ ቋንቋ ግን የሚያስበው አብዛኛውን ጊዜ እንደ መሣሪያ ብቻ ነው፤ እንጀራ እስኪገኝ ድረስ የሚበቃ ጥቂት ቃል ከተለቀመ የቀረውን ጊዜ ያመጣዋል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ጥያቄ ይህ ነው፦ የተቀበለንን ከተማ ቋንቋ መማር የጥቅም ጉዳይ ብቻ ነውን? ወይስ የሕሊና ግዴታም አለበት? ግዴታ ከሆነስ የሚከፈለው ለማን ነው?

ጥያቄው በአየር ላይ እንዳይቀር አንዲት ከተማ እንምረጥ። በካናዳ፣ በኬቤክ ክፍለ ሀገር፣ በቅዱስ ሎረንስ ወንዝ መካከል ባለች ደሴት ላይ የተሠራችው ሞንትሪያል ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች የመጡ ሰዎች የሚኖሩባት ታላቅ ከተማ ናት። ከሄይቲ፣ ከማግሬብ አገሮች፣ ከሊባኖስ፣ ከቬትናም፣ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ብዙዎች አሉባት፤ ከእኛም አገር የሄዱ ቤተሰቦች ይኖሩባታል። በኮት ደ ኔዥ ወይም በፓርክ ኤክስቴንሽን ሰፈር በአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ የብዙ ሕዝቦች ቋንቋ ይሰማል። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ቋንቋ ግን አንድ ነው፤ እርሱም ፈረንሳይኛ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ዓመታቱን ሁሉ የምንጠቅሰው በዚሁ ነው) በ1977 በወጣው የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተር መሠረት የመጻተኛ ልጅ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት በፈረንሳይኛ ይማራል። በ2022 የጸደቀው ሕግ ደግሞ አዲስ መጪው ስድስት ወር ከቆየ በኋላ መንግሥት፣ እንደ ጤናና እንደ ሕዝብ ደኅንነት ካሉ ጉዳዮች በቀር፣ በፈረንሳይኛ ብቻ እንዲያነጋግረው ያዛል።

ይህ ለብዙ መጻተኞች ጭካኔ ይመስላቸዋል። እንግሊዝኛ በሚነገርበት ታላቅ አህጉር ላይ ሳለን ስለምን ፈረንሳይኛ ተጫነብን ይላሉ። ከመፍረዳችን በፊት ግን የባለቤቱን ቁስል መመልከት ይገባናል። ከተማዪቱ በ1642 ስትመሠረት የማርያም ከተማ ተብላ ነበር። የሕመምተኞች ቤት ያቋቋመችላት ዣን ማንስ፣ በ1658 በአንድ የከብት በረት ውስጥ የመጀመሪያውን ትምህርት ቤት የከፈተችላት ቅድስት ማርግሪት ቡርዥዋ ነበሩ። በ1760 እንግሊዞች ከያዟት በኋላ ፈረንሳይኛ ተናጋሪው ሕዝብ ቋንቋውን በቤተሰብ፣ በቁምስናና በደናግል ትምህርት ቤቶች ጠብቆ ቆየ። ከ1840 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ወደ 900,000 የሚጠጉ የዚያ ሕዝብ ልጆች እንጀራ ፍለጋ ወደ አሜሪካ ተሰደዱ፤ ብዙዎቹም በኒው ኢንግላንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ገቡ። ኋላ በሞንትሪያል የትምህርት ቤት በር ጠባቂ ሆኖ የኖረውና በ2010 ቅድስናው የታወጀለት ወንድም አንድሬ በወጣትነቱ ከእነዚያ ስደተኞች አንዱ ነበር። በዚያ ከቀሩት ዘንድ የአያቶቻቸውን ቋንቋ የማይናገሩ የልጅ ልጆች በዙ። እንግዲህ ፈረንሳይኛን ተማሩ የሚለን ሕዝብ ቋንቋ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሞት በራሱ ልጆች ያየ ሕዝብ ነው።

አሁን ከከተማዪቱ ታሪክ ወደ አንድ ቤት እንግባ። የማንም ቤት ስም አይደለም፤ የብዙዎች ግን ነው። አባትና እናት ከመጡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። አባት ሌሊት በዕቃ ማከማቻ ይሠራል፤ እናት ቢሮ ታጸዳለች። ልጃቸው አዲስ ለመጡ ልጆች በተዘጋጀው የአቀባበል ክፍል ተምራ ፈረንሳይኛውን እንደ ውኃ ትጠጣዋለች። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የቤቱ አፍ እርስዋ ናት። የባንኩን ደብዳቤ የምታነብ፣ ከአከራዩ ጋር የምትከራከር፣ በሐኪም ፊት ስለ እናትዋ ሕመም የምትናገር እርስዋ ናት።

ወላጆች በዚህ ይኮራሉ፤ መኩራታቸውም አያስነቅፍም። ነገር ግን የሚሆነውን ቀረብ ብለን እንመልከት። ሐኪሙ ከባድ ነገር ሲናገር የእናቲቱን ሕመም ከእናቲቱ በፊት የምትሰማው የዐሥር ዓመት ልጅ ናት። ከሰማችም በኋላ ልንገራት ወይስ ልደብቃት የሚለውን፣ በዕድሜ የበሰሉ ሰዎችና ካህናት እንኳ የሚከብዳቸውን ውሳኔ፣ ብቻዋን በአንዲት ደቂቃ ትወስናለች። ወላጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲጠራም የመምህሩን ወቀሳ የሚተረጉመው ተወቃሹ ልጅ ራሱ ነው። አበው ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ በዚህ ቤት ግን ከዓመት እስከ ዓመት ራቱን የሚያቦካው ልጅ ነው። ጊዜ ሲረዝም ከሁለት አንዱ ይደርሳል፦ ወይ ልጁ ያለ ዕድሜው ሸክም ተጭኖ ልጅነቱን ያጣል፤ ወይ አባቱ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ፊት ዝም ብሎ ሲቆም እያየ በልቡ ይንቀዋል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ ስለ መጻተኞች የሚናገረው በየትኛው ትእዛዝ ሥር እንደ ሆነ ማስተዋል በዚህ ቦታ ይጠቅመናል። ስለ ስርቆት ወይም ስለ ንብረት በሚናገረው ክፍል አይደለም፤ አባትንና እናትን ማክበር በሚያዘው በአራተኛው ትእዛዝ ሥር ነው። በቁጥር 2241 ባለጠጎች አገሮች ዋስትናና እንጀራ ፍለጋ የመጣውን እንግዳ በአቅማቸው መጠን የመቀበል ግዴታ እንዳለባቸው፣ መጻተኛውም የተቀበለውን አገር ቁሳዊና መንፈሳዊ ቅርስ በምስጋና ማክበር፣ ሕጉን መጠበቅና የጋራውን ሸክም መሸከም እንደሚገባው ያስተምራል። ቅዱስ ቶማስ አኩዊናስም ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ከሁሉ በላይ ባለዕዳ የምንሆነው ለወላጆቻችንና ለአገራችን እንደ ሆነ ያስተምራል፤ ከእነርሱ ተወልደናልና፣ በእርስዋም አድገናልና። እንግዲህ በሞንትሪያል የሚያድግ ልጅ ዕዳው ድርብ ነው። ወላጆቹ ከአንድ ምድር ናቸው፤ የሚያሳድገው ምድር ሌላ ነው። ይህን ድርብ ዕዳ በሰላም እንዲከፍል የሚረዱት ወላጆቹ ካልሆኑ ማን ይሆናል?

ስለዚህ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንዲህ እንመልሳለን። የከተማዪቱን ቋንቋ መማር ለከተማዪቱ የሚከፈል ምስጋና ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ለገዛ ልጅ የሚከፈል ፍትሕ ነው። የአዋቂ ሸክም በአዋቂ ትከሻ ላይ ይሁን ማለት ነው። አራተኛው ትእዛዝ ልጅ ወላጁን እንዲያከብር ሲያዝ፣ ወላጅም ለመከበር የሚመች ሆኖ እንዲገኝ በውስጡ ያዛል።

የዚህ ግዴታ ሁለተኛ ፊት ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸው በትምህርት ወደ ኋላ እንዳይቀር ብለው በቤት ውስጥ አማርኛውን ትተው በለቀሙት ፈረንሳይኛ ያናግሩታል። በጎ ያደረጉ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን በሁለት መቶ ቃል ልጅ አይመከርም። ና፣ ሂድ፣ ብላ፣ ተኛ ለማለት ይበቃ ይሆናል፤ ስለ ኃጢአትና ስለ ንስሐ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሞት፣ አያት እንዴት እንደ ኖረ ለመናገር ግን አይበቃም። በኦሪት ዘፍጥረት ዮሴፍ በግብፅ ሳለ ከወንድሞቹ ጋር በአስተርጓሚ ይነጋገር ነበር። የሚሉትን እየሰማ ዘወር ብሎ አለቀሰ እንጂ ማንነቱን አልገለጠም። ዕርቅ የሆነው ሌላውን ሁሉ ከፊቱ አስወጥቶ በገዛ አፉ በተናገራቸው ቀን ነው። በአባትና በልጅ መካከልም አስተርጓሚ ሊኖር አይገባም። እንግዲህ ሥርዓቱ ይህ ነው፦ በደጅ ፈረንሳይኛውን አንተ ራስህ ተማር፣ ልጅህ አፍህ እንዳይሆን፤ በቤት ሙሉውን አማርኛህን ለልጅህ ስጠው፣ አንተ በፊቱ ዲዳ እንዳትሆን።

ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው መቼ ይማራል የሚል አለ። ሚዛን ያለው ቃል ነው። የሥነ ምግባር መምህራን ማንም ከአቅሙ በላይ እንደማይገደድ ያስተምራሉ፤ በሰባ ዓመታቸው ልጆቻቸውን ተከትለው የሄዱ እናት ፈረንሳይኛ አለማወቃቸው በደል አይደለም። ነገር ግን አልችልምና አልጀመርሁም የተለያዩ ናቸው። ሌላው ቋንቋቸውን ከያዝን እምነታችንን እንለቃለን የሚል ነው፤ በኬቤክ ከ1960ዎቹ ወዲህ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ባዶ መሆናቸውን እያየ የሚፈራ ሰው ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ልጁ የሚጠየቀው በፈረንሳይኛ ነው፤ መልስ መስጠት የሚችለውም በፈረንሳይኛ ነው። ወላጁ ጥያቄውን እንኳ ካልሰማ በመልሱ እንዴት ይረዳዋል?

ዕዳው ግን የመጻተኛው ብቻ አይደለም። ተማር ብሎ በሕግ የሚያዝ ከተማ የትምህርቱን በር ክፍት ማድረግ ይገባዋል። በ2024 መጸው በኬቤክ በጀት በማነሱ ምክንያት ለአዋቂዎች ፈረንሳይኛ የሚሰጥባቸው በርካታ ክፍሎች ተዘግተው፣ ለመማር የተመዘገቡ ሰዎች ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ቋንቋውን በግዴታ ጠይቆ መማሪያውን መንፈግ ፍትሕ አይደለም። እንዲሁም እንግዳው ቋንቋውን ከያዘ በኋላ ስለ አነጋገር ቅላጼው ወይም ስለ ቆዳው ቀለም ከደጅ የሚመልሰው ካለ፣ የሚፈልገው ቋንቋውን ሳይሆን የእንግዳውን አለመኖር ነው።

ይህን ትምህርት ሩቅ ሄደን የምንፈልገው አይደለም። በ1945 በንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ ከኬቤክ የመጡ ኢየሱሳውያን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን ተረከቡ፤ ከእነርሱም አባ ሉሲዬን ማት በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንዲያስተምሩ እንጂ ወደ እምነታቸው እንዲሰብኩ አልተጠሩም ነበርና ይህን ተቀብለው ሠሩ። የኮሌጁ ትምህርት የሚሰጠውም በአፍ መፍቻቸው በፈረንሳይኛ ሳይሆን፣ በአገራቸው ሕዝባቸው ይፈራው በነበረው በእንግሊዝኛ ነበር። ከእነርሱ አንድ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ በ1839 ዐድዋ የደረሱት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስም ጣሊያንኛቸውን በሰው ላይ ሳይጭኑ የአገሩን ቋንቋ ተምረው በእርሱ አስተማሩ። የተቀበለውን ሕዝብ ቋንቋ የያዘ እንግዳ ራሱን እንደማያጣ የእነዚህ አባቶች ሕይወት ያስረዳል።

እንግዲህ በሀገረ ስብከታችን ለጉዞ የሚዘጋጁ ምእመናን ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ ይህንንም አብረው ያስቡ። ቪዛ በሚጠበቅባቸው ረጃጅም ወራት ቋንቋውን መጀመር ይቻላል፤ የሚጀምሩትም ልጆች ብቻ ሳይሆኑ አባትና እናት ይሁኑ። አስቀድመው የሄዱትም በሐኪምና በሕግ ጉዳይ በተቻለ መጠን ልጃቸውን ሳይሆን በዕድሜ የበሰለ ሰው ይዘው ይግቡ፤ ቋንቋውን ቀድሞ ያወቀ ምእመንም አዲስ ለመጣው ቤተሰብ አፍ መሆንን እንደ ምሕረት ሥራ ይቍጠረው። በእነዚያ ከተሞች ያሉ ወንድሞቻችን ካህናትም ልጆቹን አማርኛ በሚያስተምሩበት ቀን፣ ወላጆቹ ፈረንሳይኛ የሚማሩበትን አንድ ክፍል ቢያዘጋጁ ለአራተኛው ትእዛዝ ታላቅ አገልግሎት አደረጉ ማለት ነው። በልጅነቱ ከእናቱና ከዮሴፍ ጋር ወደ ግብፅ የተሰደደው ጌታችን በሰው አገር ያሉትን ቤተሰቦች ሁሉ ይጠብቅልን።