አምባዛ በመስተዋት ቤት

ከሦስት ዓመት በፊት ናይሮቢ ውስጥ ለልጄ የገዛሁት ዓሣ ከጣቴ አይበልጥም ነበር። ሻጩ፣ «ዓሣ እንደ ዕቃው ነው፤ ቤቱ ሲጠበው ማደጉን ያቆማል» አለኝ። ለማመን የሚመች ነገር ነበርና አመንሁት።

ዓሣው አምባዛ ነው፤ ከጣና እስከ ቪክቶሪያ፣ ከዓባይ እስከ ደቡብ አፍሪቃው ኦሬንጅ ወንዝ የሚገኘው፣ ኬንያውያን ካምባሌ፣ ሉዎዎች ሙሚ የሚሉት። ቅርፊት ስለሌለው በአገራችን ብዙ ሰው አይበላውም። በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢሞች አሉት፤ በሌሊትና በድፍርስ ውኃ የሚያድነው በእነርሱ እየዳሰሰ ነው። ርዝመቱ ከአንድ ሜትር ሊያልፍ፣ ክብደቱም ከ50 ኪሎ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሻጩ ይህን አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ዓመት ሳይሞላው አብረውት የነበሩትን ትንንሽ ዓሦች አንድ በአንድ ውጦ ብቻውን ቀረ። መስተዋቱን ሁለት ጊዜ በትልቅ ለወጥሁለት። በሦስተኛው ዓመት ርዝመቱ ከክንዴ በለጠ፤ ለመዞር ሰውነቱን ማጠፍ ግድ ሆነበት።

ለመሆኑ ይህ በደል ነውን? ዓሣው አልታመመም፤ ይበላል፤ ያድጋል። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የሚመስል አካል ስላለው ወደ ላይ ብቅ እያለ አየር ይስባል። ሌላው ዓሣ በሚሞትበት ውኃ ይኖራል፤ ዝናም ባራሰው መሬት ላይም እየተሳበ ከኩሬ ወደ ኩሬ ይሻገራል። ለቤት ተመራጭ ያደረገው ይኸው ቻይነቱ ነው፤ እኛንም የሚያሳስተን እርሱው ነው። ደካማው ዓሣ በባለቤቱ ቸልተኝነት ሲሞት ሰውየው ይደነግጣል። ቻዩ ግን ስለማይሞት የተመቸው ይመስለናል። (ሰውንም በዚህ ዓይን የሚያዩ ቤቶች ጥቂት አይደሉም፤ ወደዚያ ግን አልገባም።) የሻጩ አባባልም ያው ነው፦ ዓሣ በጠባብ ውኃ ቢቀጭጭ ለቤቱ ልክ ብሎ አይደለም፤ የገዛ ቆሻሻው የተጠራቀመበት ውኃ እየጎዳው ነው።

አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ ሳቀብኝ። «በቪክቶሪያ ሐይቅ አጥማጆች የአምባዛን ግልገል በመንጠቆ ሰክተው ናይል ፐርች ያጠምዱበታል፤ አንተም ያንን ናይል ፐርች ትበላለህ» አለኝ። ክርክሩ ብርቱ ነው፤ በሙሉ ልመልሰው አልችልም። ይሁንና ይህን ዓሣ ራሴ መርጬ፣ ምግቡንም ውኃውንም ከእጄ ብቻ እንዲጠብቅ አድርጌዋለሁ። ግዴታዬ የሚመነጨው ከፍቅር ሳይሆን ከዚህ ጥገኝነት ነው። እውነቱን ለመናገር አልወደውም ነበር፤ ባለዕዳው ግን ነበርሁ።

ወንዝ ውስጥ መልቀቅስ? ደግነት ይመስላል። ነገር ግን ከመደብር የመጣ ዓሣ በሽታ ይዞ ሊገባ ይችላል፤ ከዚያም በላይ ሆዳም አዳኝ ነው። በብራዚልና በህንድ ለእርባታ ገብቶ ያመለጠው አምባዛ ለአገሬው ዓሦች ጠንቅ ሆኗል።

የቀረው ኩሬ ነበር። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የዓሣ እርባታን ሲያስፋፋ ኩሬ ከቆፈሩት ገበሬዎች አንዱ፣ አንድ አዛውንት፣ ሊቀበሉን ፈቀዱ። መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንታት ለብቻው ሊያቆዩት፣ ከዚያም ከትልልቆቹ ጋር ሊቀላቅሉት ነው። አልዋሹንም፤ «ዓሣ የማረባው ልሸጥ ነው፤ የእናንተን ለይቼ አላስቀምጥም» አሉን።

እንግዲህ ምርጫው በጠባብ መስተዋት ረጅም ዕድሜ ወይም በሰፊ ጭቃማ ውኃ ምናልባት አጭር ዕድሜ ሆነ። ልጄ የመጀመሪያውን መረጠ፤ እኔ ሁለተኛውን። ዓመታቱን የምንቆጥረው እኛ እንጂ ዓሣው አይደለም፤ እርሱ የሚያውቀው ዛሬ መዞር መቻሉን ነው ብዬ አሰብሁ። ይህ ሐሳብ ለእኔ የተመቸ መሆኑ አልጠፋኝም፤ ሳሎኑም ይለቀቅልኝ ነበርና።

በክዳናም ባልዲ፣ ጥቂት ውኃ አድርገን ወሰድነው። በመንገድ ሁሉ አየር ሲስብ ድምፁ ይሰማን ነበር። ልጄ ባልዲውን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ አንዳች አልተናገረኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ልናየው ሄድን። አዛውንቱ መኖ ሲበትኑ ውኃው በአሥር ቦታ ተናጠ፤ ጥቁር አፎች ብቅ ብለው ጠለቁ። ልጄ «የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። አዛውንቱ ትከሻቸውን ነቅንቀው መበተናቸውን ቀጠሉ።