ሐረጉ ላይ ይድረቅ

ልጄ፣ የጓሮሽን ጫት ነቅለሽ የገላ መፋቂያ የሚሆነውን ሉፋ ልትተኪበት ማሰብሽን ሰምቼ ነው ይህን የምልሽ። አትንቀዪ። «አንድ ያላት እንቅልፍ የላት» ይባላል፤ እኛ የጨርጨር ሰዎች ይህን ተረት በኑሯችን እናውቀዋለን። ጫት ዋጋ ያጣ ሳምንት የቤቱ ሁሉ ፊት ይጠቁራል። አንዱን ነቅለሽ በሌላ አንድ ብትተኪው ግን ያው አንድ ነው፤ እንቅልፍሽ አይመለስም። ደግሞም ሉፋ ማሳ አይለምንሽም። የሚፈልገው አጥርሽን፣ ፀሐይንና ትዕግሥትሽን ነው። ጫቱም ቡናውም ባሉበት ይቆዩ።

ሉፋ የዱባና የቅል ዘመድ ነው። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» የሚሉት እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል። ዱባ መሬት ለመሬት ተንፏቆ ያፈራልሻል። የሉፋ ፍሬ መሬት ከነካ ይጎብጣል፣ ከሥሩም ይበሰብሳል። ቅልን የምንፈልገው ለቅርፊቱ ነው፤ ውስጡን ጠርገን፣ በወይራ አጥነን ወተት እንንጥበታለን። የሉፋ ቅርፊት ግን ተልጦ የሚጣል ነው፤ የሚፈለገው ሆዱ ውስጥ ያለው ጅማት ነው። ፍሬው ለጋ ሳለ እነዚያ ቀጫጭን ጅማቶች ውሃና ምግብ ያመላልሱለታል። ሲያረጅ ሥጋው ይደርቅና መረቡ ብቻ ይቀራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ አንዷን ጅማት በጣትሽ ትበጥሻታለሽ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የድስት ቅሪት ይፍቃሉ፣ ገላ ያጠራሉ።

ይህን ተክል የቤት ጓዳ ነገር ብቻ አድርገሽ አትዪው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ጃፓኖች ሉፋን በብዛት አምርተው ለአሜሪካ ይሸጡ ነበር። የአሜሪካ ባሕር ኃይልም በእንፋሎት በሚሠሩ መርከቦቹ ላይ ውሃውን ከዘይት ለማጣራት ይጠቀምበት ነበር። በ1934 ዓ.ም. ሁለቱ አገሮች ጦርነት ሲገጥሙ ምንጩ ተዘጋ፤ አሜሪካኖቹም በላቲን አሜሪካ እንዲዘራላቸው ተሯሯጡ። የመርከብ ሞተር ያገለገለ ነገር ነው እንግዲህ አጥርሽ ላይ የሚያፈራልሽ።

«በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል» ይባላል። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያጠቡበት እንዶድ ምን ሆነ? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ሲያዩ ነገሩን መረመሩ። እንዶዱ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች የሚገድል ሆኖ ተገኘ። በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉበት። እኛ ግን ሳሙናው በሱቅ ሲመጣ እንዶዱን ከአጥራችን ነቅለን ጣልን። አሁንም የገላ መፋቂያ ብለን ከሱቅ የምንገዛው በአብዛኛው ፕላስቲክ ነው፤ ሲያረጅ አይበሰብስም፣ ብትጥዪው ጎርፍ ይዞት ከቦይ ቦይ ይዞራል። ሉፋ ሲያረጅ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ትጨምሪዋለሽ፣ አፈር ይሆናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሉፋ ረጅም ሙቀት ይወዳል። ከዘር እስከ ደረቅ ፍሬ ከ5 እስከ 7 ወር ይፈጃል። ከተማችን ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ይበቅላል፣ ግን ዘግየት ይላል። ሚኤሶና አሰቦት ቆላ ስለሆኑ ቶሎ ያደርሳሉ፤ እዚያ ችግሩ ውሃ ነው። ወደ ኩኒ ደጋ የምትወጪ ከሆነ ግን የኅዳር ብርድ ሳይደርቅ እንዳይቀድምብሽ ፍሪ። ለእኛ ለወይና ደጋዎቹ በልግ ትልቅ ጸጋ ነው። ዘሩን በየካቲት አጋማሽ በችግኝ ፕላስቲክ ጀምሪው፣ የመጋቢት ዝናብ ሲይዝ ወደ አጥሩ አዛውሪው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ያብባል፤ ክረምቱ ያሳድገዋል፤ የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይ ያደርቀዋል። በሐምሌ የዘራ ሰው ግን ፍሬው ገና ለጋ ሳለ ብርዱ ይደርስበታል።

ዘር ፍለጋ ብዙ አትድከሚ። ገበያ ላይ ያልተጠራ ደረቅ ሉፋ ካገኘሽ ነቅንቂው፤ ከተንኳኳ ዘር አለው። ታጥቦና ተጨፍልቆ የታሸገው ግን ባዶ ነው። ጥቁርና ሞላ ያለውን ዘር ምረጪ፤ ነጣ ብሎ ቅልል የሚለው አይበቅልም። ልጡ ጠንካራ ነውና ጠርዙን በድንጋይ ትንሽ ፈግፍገሽ ለብ ባለ ውሃ አንድ ቀን ንከሪው። ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሪው፣ ሙቅ ቦታ አኑሪው። ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ጠብቂ። አንዳንዱ ይዘገያልና በማግሥቱ አፈሩን እየጫርሽ አትፈልጊው።

ቦታው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኝ ይሁን። ጉድጓዱ ውስጥ የበሰለ ፍግ ጨምሪ፤ ግን አታብዢ፤ ፍግ የበዛበት ሐረግ ቅጠል ብቻ ይሆናል። በአንዱና በአንዱ መካከል አንድ ሜትር ተዪ። ውሃው በሳምንት ሁለት ጊዜ ጠልቆ ይግባ እንጂ በየቀኑ ላይ ላዩን አትርጪ። ውሃ የምትጠፋበትን ከተማችንን አውቃታለሁና አትክልት የታጠበበትን ውሃ አትድፊ፣ ሥሩን ደግሞ በማሽላ ገለባ ሸፍኚው። የአጥሩን ነገር ግን አደራ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባላል፤ የሉፋ ሐረግ ግን ባለቤቱን ሳይንቅ አጥሩን ይጥላል። እስከ 9 ሜትር ይሳባል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ፍሬ ሲይዝ የማሽላ አገዳ አጥር አይችለውም። የባሕር ዛፍ እንጨት አቁመሽ ላዩን በሽቦ አያይዢና ዳስ ሥሪለት። ፍሬው ቀጥ ብሎ የሚያድገው ተንጠልጥሎ ነው። ቡናና ጫት ላይ እንዲወጣ ግን አትፍቀጂ፤ ፀሐይ ይከለክላቸዋል።

ሲያብብ አትደንግጪ። መጀመሪያ የሚመጡት ቢጫ አበቦች ወንዶቹ ናቸው፤ ያብባሉ፣ ይረግፋሉ። ሴቷ አበባ ከኋላዋ ጣት የምታክል ፍሬ ይዛ ትመጣለች። ንብ ከወንዱ ዱቄቱን ካላመጣላት ያቺ ፍሬ ቢጫ ትሆናለች፣ ትወድቃለች። እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ችግር። ጫት ላይ የተባይ መድኃኒት መርጨት ተለምዷል፤ መድኃኒቱ ንቡንም ይፈጃል። መርጨቱ ግድ ከሆነብሽ ንቦቹ ወደ ቀፏቸው ሲገቡ አመሻሽ ላይ ይሁን፤ ጎረቤትሽንም በወግ ለምኚ። ንብ ከጠፋ ግን አበባው የሚከፈተው በማለዳ ነውና ቡና ሳታፈዪ ውጪ፤ ወንዱን አበባ ቁረጪ፣ ቅጠሎቹን አንሺ፣ መሃሉን ከሴቷ መሃል ጋር ቀስ ብለሽ አነካኪ። የንቡን ሥራ ሠራሽ ማለት ነው። «እሾህ ላጣሪው፣ ሥራ ለሠሪው» ይሉ የለ።

ከዚያ ዝንብ ትመጣብሻለች። ለጋውን ፍሬ ወግታ እንቁላሏን ትጥልበታለች፤ ትሉ ከውስጥ ይበላዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው መድኃኒቱ፤ ፍሬው ጣት ሲያክል በጋዜጣ ጠቅልዪው፣ የተወጋውን ለቅመሽ በጥልቅ ቅበሪው፣ ሐረጉ ሥር አትተዪው። በአንድ ሐረግ ላይም ከስድስት እስከ ስምንት ፍሬ ብቻ አስቀሪ። ሌላውን አንድ ስንዝር ሳይሞላው ቁረጪና እንደ ዝኩኒ ጠብሰሽ ብዪው፤ ይጣፍጣል። መድኃኒት የነካውን ግን ወደ አፍሽ አታድርጊ፤ ምላስሽ ላይ የሚመርም ካለ ትፊው፣ መራራ ሉፋ ሆድ ያውካል።

አሁን ዋናው ነገር። ነሐሴ ላይ ፍሬው ክንድ አክሎ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ ተንዠርግጎ ስታዪው እጅሽ ይቸኩላል። ጎረቤት ያደንቅልሻል፣ አንዱ ልግዛሽ ይልሻል። ተዪው! «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።» በአረንጓዴነቱ የተቆረጠ ሉፋ ጅማቱ አልጠነከረም። ሥጋው ተጣብቆ አልላጥ ይላል፤ ተልጦም በሁለት ቀን እጅሽ ላይ ይለጠጣል። ገዢው አንዴ ገዝቶ ዳግመኛ አይመጣም፤ ስምሽም አብሮ ይለጠጣል። ጊዜው የደረሰው ቅርፊቱ ቢጫ ሆኖ ቡናማ ሲል፣ ስታነሺው ቅልል ሲልሽ፣ ጆሮሽ አጠገብ ስትነቀንቂው ዘሩ ሲንኳኳ ነው። ጣትሽን ስትጫኚው ቅርፊቱ ከውስጡ ተላቆ ይሰማሻል። እስከዚያ ሐረጉ ላይ ይድረቅ። አንድ ነገር ብቻ አትርሺ፤ ቡናማ ከሆነ በኋላ ዝናብ ከዘለቀበት ውስጡ ይሻግትና ይጠቁራል። የደረሰውን ቁረጪና በረንዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር ሰብሰብ አድርገሽ ስቀዪው። ሌላው ይቆይ።

ደርቆ ሲመጣ ጫፉ ላይ ያለችው ክዳን ትከፈታለች፤ ዘቅዝቀሽ ዘሩን አራግፊ። ቅርፊቱን በአውራ ጣትሽ ሰንጥቀሽ ላጪው፤ እምቢ ካለ ባልዲ ውሃ ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሪው። ከዚያ እያሸሽ እጠቢ፤ ልጋጉ ሁሉ እስኪወጣና ውሃው እስኪጠራ ድረስ። ልጋግ የቀረበት ይሸታል። እንዲነጣ ብለሽ በረኪና አታልምጂው፤ ጅማቱን ያደክመዋል፤ ቢጫ ቀለሙ ነውር የለበትም። ፀሐይ ላይ እያገላበጥሽ አድርቂው።

ስለ አጠቃቀሙ ደግሞ ለምትሸጪለት ሰው ሁሉ ንገሪ። ደረቁ ይሻክራል፣ ውሃ ሲነካው ይለሰልሳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይራስ። ተረከዝን በኮረት እንደምንፈትገው ጠንክረው ይሹበት፤ ለፊትና ለሕፃን ገላ ግን አይሆንም። የአንዱን ገላ የፈተገ የሌላውን አይንካ፤ የዕቃው ለዕቃ፣ የገላው ለገላ ይሁን። ከታጠቡ በኋላ ተጨምቆ አየር ያለበት ቦታ ይሰቀል። እርጥብ ሆኖ በሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ የሚያድር መፋቂያ ጀርም ያረባል። በየሳምንቱ በፈላ ውሃ ይታጠብ፣ በወር ገደማም ይቀየር። ይህን መንገር ገበያሽን አይቀንሰውም፤ በየወሩ የሚቀየር ነገር በየወሩ ይገዛል።

ብዙ ብር ታገኚበታለሽ የሚልሽን አትስሚ፤ አላገኝም ብለሽም አትተዪው። በመጀመሪያው ዓመት አራት ወይም አምስት ሐረግ ይበቃሻል። ቤትሽ ይታጠብበት፣ እናትሽ ስኒዋን ትጠብበት፣ ለእህቶችሽ ስጪ። የሚሉሽን ስሚ፤ ቶሎ አለቀ ካሉ ቀድመሽ ቆርጠሻል ማለት ነው። በሁለተኛው ዓመት ሸጪ። ረጅሙን ለገላ፣ ጎባጣውን እንደ ጣት ውፍረት ቆራርጠሽ ለስኒና ለብርጭቆ። ከተማችን የሐረርና የድሬዳዋ አውቶቡስ የሚያልፍባት ናት፤ ለመንገደኛ ቀላል፣ የማይሰበርና የማይበላሽ ዕቃ ነው። ሂርና፣ በዴሳና ገለምሶም ገበያ አላቸው። ብቻሽን የምትሸከሚው አይምሰልሽ፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው»። የእድርሽን ወይም የአፎሻሽን ሴቶች ጥሪ፤ በየአጥሩ ሦስት ሦስት ሐረግ ቢኖር አንድ ጆንያ ይሞላል፣ ነጋዴም የሚያናግረው ጆንያን ነው። ቅጠሉ ቢነጣብሽ፣ አበባው ቢረግፍብሽ አንዱን ቅጠል ይዘሽ ወደ ግብርና ባለሙያዋ ወይም ወደ ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ የእርሻ መምህራን ሂጂ። ደጃችን ላይ ናቸው፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

ከመጀመሪያው ምርት ደግሞ ከሁሉ የረዘመውን፣ መረቡም ጥቅጥቅ ያለውን አንዱን ፍሬ ለዘር ለዪው፤ የፈለገውን ያህል ቢከፈልሽ ሳታራግፊው አትሽጪው። ዘሩን በጨርቅ ቋጥረሽ እርጥበት በማይነካው ቦታ አኑሪ። ከዚያው ላይ አሥር ያህል ለእኔ ላኪልኝ፤ የምሥራቁ አጥሬ ፀሐይ ይበዛበታል፣ እንጨቱን ጥር ላይ አስቆማለሁ።