የቆየ ዕቃና የቆየ ወዳጅ

በዚህ ዕትም የምንመረምረው ነገር በመጀመሪያ ሲታይ ለቁም ነገር የማይበቃ ሊመስል ይችላል። በአውሮፓ አገሮች አንዳንድ ሰዎች ከመቶ ዓመት በፊት የተሠሩ ሞተር ብስክሌቶችን ጠግነው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር ተሰልፈው ወደ ትርኢትና ወደ መሰብሰቢያ ስፍራ ይነዷቸዋል። ይህ የጊዜና የገንዘብ ብክነት ነውን? ወይስ ልንማርበት የሚገባ ቁም ነገር አለበት? እኛ እንደምናስበው ከዚህ ጨዋታ በስተጀርባ እያንዳንዳችንን የሚመለከት የግብረ ገብ ጥያቄ ይገኛል፤ ይኸውም የምንወደውን ነገር መጠበቅ ምን ማለት ነው? የሚል ነው።

አስቀድመን ስለ ነገሩ ጥቂት እንናገር። በእንግሊዝ አገር «ሰንቢም» የተባለው የሞተር ብስክሌት ክለብ እ.ኤ.አ. በ1930 «ፓዮኒር ራን»፣ ማለትም የቀዳሚዎች ጉዞ የተባለውን ዝግጅት ጀመረ። በዚህ ጉዞ የሚሳተፉት ከ1915 በፊት የተሠሩ ተሽከርካሪዎች ብቻ ናቸው። ጉዞው ለብዙ ዓመታት ከለንደን በስተደቡብ ከሚገኘው ከኤፕሰም ሜዳ እየተነሣ፣ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ በባሕር ዳር በምትገኘው በብራይተን ከተማ ሲፈጸም ኖሯል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቃት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1946፣ አለን የተባለ ሰውና ጥቂት ወዳጆቹ በሰሪ አውራጃ «ሆግስ ባክ» በተባለ ኮረብታ ላይ ተገናኝተው የቪንቴጅ ሞተር ብስክሌት ክለብን መሠረቱ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው አሮጌውን ሞተር እንደ ውዳቂ ብረት ይቈጥረው ነበር። እነርሱ ግን ሌላው የጣለውን አነሡ።

የእነዚህ ተሽከርካሪዎች አነዳድ ለዛሬ ሰው እንግዳ ነው። ከመካከላቸው ማርሽም ሆነ ፍሪሲዮን የሌላቸው አሉ፤ የእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ነጂ፣ ሞተሩ እስኪነሣ ድረስ እየገፋ አብሮት ይሮጣል፤ ሲነሣለትም ዘሎ ይፈናጠጣል። ዘይት በየጊዜው በእጅ ፓምፕ ሊሰጠው ይገባል፤ ቢዘነጋ ሞተሩ ይነክሳል። የካንዴላው ብልጭታ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ እንዲመጣ የሚያደርገውም ነጂው ራሱ በእጁ በሚያንቀሳቅሳት ትንሽ ዘንግ ነው። ኃይልን ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው የቆዳ ቀበቶ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ፍሬኑም ደካማ በመሆኑ ቁልቁለቱን ከሩቅ አስቦ መውረድ የግድ ነው።

እንግዲህ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። እንዲህ ያለው ዕቃ ቢሰበር ምትክ የለውም፤ በእያንዳንዱ ጉዞ አንዳች ነገር ይሟሟል፤ የቀድሞው ሠዓሊ የቀባው ቀለም አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ስለዚህ፣ ይላሉ ተቃዋሚዎቹ፣ ወደ ትርኢቱ በጭነት መኪና ተጭኖ ይምጣ፤ ከትርኢቱም በኋላ በመስታወት ውስጥ ይቀመጥ፤ ያለዚያ የዛሬው ሰው ለራሱ ደስታ ሲል ገና ያልተወለዱትን ሰዎች ድርሻ ይበላል። ይህ አነጋገር ሊናቅ አይገባውም። ከአባቶች የተረከብነው ሁሉ ለልጆች የምናስረክበው አደራ ነውና።

ይሁን እንጂ አለመንቀሳቀስ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2003 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም አቅራቢያ በሚገኘው ብሔራዊ የሞተር ብስክሌት ሙዚየም እሳት ተነሥቶ፣ በክብር ተደርድረው ከነበሩት ተሽከርካሪዎች መካከል ከ300 በላይ የሚሆኑትን አቃጠለ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ እንደገና ተከፈተ፤ ከተቃጠሉትም ብዙዎቹ ታድሰው ወደ ስፍራቸው ተመለሱ። ይህን ስናነሣ ሙዚየም አያስፈልግም ለማለት አይደለም። የምንጠይቀው፣ የተቃጠለውን ብረት እንደገና ሞተር ያደረገው ምንድን ነው? ብለን ነው። የባለሙያዎች እጅ ነው። ይህም የእጅ ዕውቀት በመስታወት ውስጥ ሊቀመጥ አይችልም፤ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በሥራ ላይ ሲውል ብቻ ነው። የሚያስነሣው ሰው የሌለው ሞተር ምንም ያህል ቢወለወል የሞተር ምስል ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም በልክ የሚነዳና የሚያስተምር ሰው ለሚመጣው ትውልድ ዕቃውን ከነዕውቀቱ ያስረክባል፤ ቆልፎ የሚያኖር ግን ዕቃውን ብቻ ያስረክባል።

አሁን ደግሞ ወደ ሰዎቹ እንመለስ። አዲስ ሞተር ያለው ሰው ብቻውን ሄዶ ብቻውን መመለስ ይችላል። የአሮጌ ሞተር ባለቤት ግን ያለ ባልንጀራ እምብዛም አይወጣም፤ ዳገት ላይ ቢቆም የሚገፋለት፣ ቀበቶው ቢበጠስ መለዋወጫ የሚያካፍለው ሰው ያስፈልገዋልና። የዕቃው ድካም ባለቤቶቹን አንዱን ለሌላው አስፈላጊ ያደርጋቸዋል። እኛም ብንሆን ጎረቤትን የምናውቀው ብዙ ጊዜ በጕድለታችን በኩል አይደለምን? እሳት ልንጭር፣ ወንፊት ልንዋስ ስንሄድ የጀመርነው ዝምድና ስንት ነው?

ነገር ግን እዚህ ላይ ፈላስፋው አርስቶትል ያቆመናል። በኒቆማኮስ ስም በሚጠራው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ወዳጅነትን በሦስት ይከፍለዋል፤ ስለ ጥቅም የሚሆን፣ ስለ ደስታ የሚሆን፣ እንዲሁም ስለ ወዳጁ መልካምነት የሚሆን ወዳጅነት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምክንያታቸው ሲያልፍ አብረው እንደሚያልፉ ያስተምራል። ታዲያ በሞተር ዙሪያ የተሰበሰቡ ሰዎች ወዳጅነት ከየትኛው ነው? የሚያገናኛቸው ደስታ እንደ ሆነ ግልጽ ነው፤ በዚህም የሚያሳፍር ነገር የለም። ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖም ሥጋ ከድካሙ ዕረፍት እንደሚያሻው ነፍስም በጨዋታ ማረፍ እንዳለባት፣ ጨዋታውም ለጊዜው፣ ለስፍራውና ለሰውየው የተገባ መሆን እንዳለበት አስተምሯል። እንግዲህ የቤተሰቡን እንጀራ ለመለዋወጫ የሚያውል፣ ወይም ልጆቹን ረስቶ በጋራዥ የሚያመሽ ሰው ከዚህ ልክ ወጥቷል፤ የዕቃው ጌታ መሆኑ ቀርቶ ሎሌው ሆኗል።

በደስታ የተጀመረው ወዳጅነት ወደ ላቀው መድረሱን የምናውቀው ግን በአንድ ፈተና ነው። ዓመታት ያልፋሉ፤ ከወዳጆቹ አንዱ ያረጃል፤ ጕልበቱ ይደክማል፤ ሞተሩን እየገፋ ሊሮጥ አይችልም። ምናልባትም ሞተሩን ይሸጠዋል። በዚያን ጊዜ ባልንጀሮቹ በደጁ ሲያልፉ ይገባሉን? የጉዞውን ወሬ ይዘውለት ይመጣሉን? ወይስ ስሙ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይረሳል? ከገቡ፣ ለዓመታት አብረው ሲነዱ የነበሩት ሰውየውን ወድደው ነበር ማለት ነው። ካልገቡ ግን ወዳጃቸው ብረቱ ነበረ።

ይህ ፈተና በእንግሊዝ አገር መንገድ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። እኛም በማኅበር፣ በዕድር፣ በመዘምራን ጓድ፣ በሥራ ቦታ እንሰበሰባለን፤ የሚሰበስበንም አንድ ነገር አለ። ድምፁ የደከመው መዘምር፣ ጡረታ የወጣው የሥራ ባልደረባ፣ ጽዋውን ለማዘጋጀት አቅም ያጣችው እናት የት ናቸው? ብዙዎቻችን የቆየ ወዳጃችንን በልባችን መስታወት ውስጥ አስቀምጠን በክብር እናስታውሰዋለን፤ ደጁን ከረገጥን ግን ዓመታት አልፈዋል። አላጣነውም እንላለን፤ እርሱ ግን እኛን አጥቶናል።

እንግዲህ የምንወደውን መጠበቅ ማለት በሥራ ላይ እያዋሉ፣ የተበላሸውን እየጠገኑ፣ ለሌላው እያስተማሩ ማኖር ነው። ለዕቃ እንዲህ ያለ ትጋት የሚያሳዩ ሰዎች ካሉ፣ እኛ ለሰው ምን ያህል ልንተጋ ይገባናል? የካቴኪስት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም ይህን ጥያቄ በየጉባኤያቸው አንሥተው እንዲወያዩበት እናሳስባለን፤ ውይይቱም ሳይውል ሳያድር አንድ የተዘነጋ ሰው ቤት በማንኳኳት ይፈጸም።